መንገዱ የኛ፣ ካርታው የማን?

ወገን! ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ስክሪን ነው። «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ?» ብለህ እንዳታልፈው። እኔም የለኝም። ያለኝ የጂኦግራፊ ዲግሪና ቆሼ ውስጥ የቤተሰብ ቤት ነው። ጉዳዩ ግን የባለመኪኖች ቅብጠት አይደለም። በገዛ አገርህ መንገድ ላይ «በዚህ ታጠፍ፣ በዚያ ውጣ» የሚልህ ማን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና ወደ አገር አይገባም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ነዳጁን በዶላር እንገዛለን፣ መብራቱ ግን የራሳችን ነው። በሐሳቡ ላይ ጠብ የለኝም። የራስን ኃይል መጠቀም ማን ይጠላል?

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን በዓይንህ እያየህ ነው። ቢዋይዲው፣ ቮልስዋገን አይዲ ፎሩ፣ አይዲ ሲክሱ፣ ኤሌክትሪክ ቶዮታው መንገዱን ሞልቶታል። ስማቸው የጀርመን ይሁን የጃፓን፣ ብዙዎቹ የተሠሩት ቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገዢ ነው። ለኛ ተብለው አልተሠሩም። አስመጪው ከዚያ ገበያ አንስቶ እኛ ገበያ ላይ አወረዳቸው፣ አለቀ።

እስቲ ግባና ቁጭ በል። ፊትህ ላይ የቴሌቪዥን ያህል ስክሪን ቦግ ይላል። ጽሑፉ ቻይንኛ። ካርታውን ስትነካው የሚከፈተው የቻይና ካርታ። የቤጂንግን መታጠፊያ አንድ በአንድ ያውቃል፤ አየር ጤናን አያውቅም፣ ጦር ኃይሎችን አያውቅም፣ ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያን ሰምቶትም አያውቅ። ላፕቶፕ ይዘው እየዞሩ «ቋንቋ እንቀይራለን» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እንጀራቸው ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ግን ቋንቋው ተቀየረ ማለት ካርታው ተቀየረ ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያወራ፣ አዲስ አበባን የማያውቅ ስክሪን ይዘህ ትቀራለህ።

በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አውጥተህ የገዛኸው መኪና ላይ፣ ስክሪኑ የሙዚቃ ማጫወቻና የኋላ ካሜራ ማያ ብቻ ሲሆን ምን ትላለህ? «ምን ችግር አለው፣ ስልክ አለ» ነው የምትለው። ወደዚህ «ምን ችግር አለው» እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩ ድንገት የመጣ እንዳይመስልህ። ማን እንደዘጋብህ ካላወቅህ ማንን እንደምትጠይቅም አታውቅም።

ሌላ ዓለም ላይ ሰው ስልኩን ከመኪናው ጋር ያገናኝና የስልኩ ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ ይወጣል። ለአይፎን ካርፕሌይ፣ ለሌላው ስልክ ደግሞ የጎግል አንድሮይድ አውቶ ይባላል። የጎግል አገልግሎት ቻይና ውስጥ ዝግ ነው። ስለዚህ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና አንድሮይድ አውቶ አይጫንበትም፤ በምትኩ የባይዱ ካርላይፍ ወይም የሁዋዌ ሃይካር ነው ያለው። አሁን ኪስህን ዳብስ። ያለህ ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ አይደል? ያንተ ስልክና ያ መኪና አይነጋገሩም። አይፎን ያለው ጥቂት ሰው በአንዳንዱ መኪና ላይ ይቀናው ይሆናል፤ የብዙኃኑ ልጅ ግን ከበር ይመለሳል።

የተከፈተለትስ ቢሆን ምርጫው ስንት ነው? ካርፕሌይ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአፕል ከራሱ ካርታ ሌላ አያስገባም ነበር። አንድሮይድ አውቶም ለሌሎች የካርታ አፖች በሩን የከፈተው ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ጎግል ማፕስና ዌዝ ነበሩ፤ ዌዝን ደግሞ ጎግል በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል። ሁለት ስም፣ አንድ ጌታ። ምርጫ ብለው የሚሸጡልህ ይሄንን ነው።

«ይሄ የድሃ አገር ቅሬታ ነው» የሚልህ ካለ የጣሊያንን ጉዳይ ንገረው። ኤኔል ኤክስ የሚባለው ኩባንያ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ የሚጠቁም ጁስፓስ የተባለ አፕ ሠራ። አፑ በአንድሮይድ አውቶ በኩል መኪና ስክሪን ላይ ይውጣልኝ ብሎ ጎግልን ጠየቀ። ጎግል እምቢ አለ። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በ2021 እ.ኤ.አ. 102 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ጎግል ተከራከረ፣ ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው እምቢታ የገበያ የበላይነትን ያለአግባብ መጠቀም ሊሆን ይችላል ብሎ ወሰነ።

ልብ በል! እነሱ ስለ አንድ የቻርጅ አፕ ፍርድ ቤት ቆሙ። እኛ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አይግባ ያልን አገር ነን። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ካርታ ጌጥ አይደለም። ባትሪው የት ያደርሰኛል፣ ቀጣዩ ቻርጅ ማድረጊያ የት ነው፣ ዳገቱ ስንት ይበላብኛል የሚለውን የሚያሰላው እሱ ነው። መኪናው ያንን ሒሳብ መሥራት ይችላል፤ ለቻይና ከተሞች ይሠራል። እዚህ ሲደርስ ዕውር ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ልትወጣ ስታስብ በስልክ ለጓደኛህ «እዚያ ጋ ቻርጅ አለ ወይ?» እያልክ ትለምናለህ።

አሁን ወደ «ስልክ አለ»።

እኔ የተማርኩበት ሥራ ሲጠፋ ለጥቂት ወራት የሰው መኪና ይዤ በአፕ ታክሲ ሠርቻለሁ። በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ታስገባለህ፣ የተረፈው ያንተ ነው። ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ግዙፉ ስክሪን ፊትህ በርቷል፣ ምንም አይሠራልህም። ስልክህ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ በፀሐይ ይግላል። ልክ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ደንበኛው «የት ደረስክ?» ብሎ ይደውላል፣ ካርታው ጥሪው ሥር ይጠፋል። አለፍከው! አስፋልቱ አካፋይ ስላለው እስከ ቀጣዩ ማዞሪያ ድረስ ትሄዳለህ። ባትሪው ቀነሰ፣ ሰዓቱ ሄደ፣ ደንበኛው ሰረዘ። ይሄ በቀን ሦስት አራቴ ሲሆንብህ የተረፈህ ያልኩህ ብር የለም። መስኮት ከፍተህ ከሆነ ደግሞ ስልኩም የለም፤ ነጥቀውህ ሄደዋል።

ስለዚህ «በዳቦ ጥያቄ ሰዓት ስለ ማፕ ታወራለህ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ይሄ የዳቦ ጥያቄ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ምሩቅ መሪ ጨብጦ እንደሚውል ታውቃለህ። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ የአገር ልጅ ናት፤ አፑን የሠራነው እኛ፣ የምንነዳው እኛ፣ የምንሳፈረው እኛ። መኪናው ውስጥ ያለው ስክሪን ግን ከኛ አንዱንም አያውቅም።

እስካሁን ሥራውን የሚሠራልን ሌላ ናቪጌሽን አለን፣ ስሙም «ስትደርስ ደውልልኝ» ይባላል። ሠርግ ተጠርተህ፣ ዕቃ ታዘህ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደህ፣ አድራሻው ሁሌ አንድ ነው። «ቆሼ ስትደርስ ደውልልኝ።» ትደውላለህ። «ኮንቴይነሯን እለፍ፣ ግራርዋ ጋ ወደ ውስጥ ግባ፣ አረንጓዴ በር።» ኮንቴይነሯ ከተነሳች፣ ግራርዋ ከተቆረጠች አድራሻው አበቃ። የኮሪደር ልማቱ ስንት ምልክት እንዳነሳ አስብ። ካዛንቺስንና ፒያሳን በእግሩ ያደገባቸው ሰው ዛሬ መንገድ ይጠይቃል።

ይሄ ለእንግዳ ሲሆን ያስቃል። አምቡላንስ ሲሆን ግን አያስቅም። ምጥ የያዛት እህትህ ቤት ውስጥ ሆና አንተ አስፋልት ዳር ቆመህ እጅህን እያወዛወዝክ መኪና ስትጠራ አያስቅም።

ቆሼ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰፈሬ ነው። ስሙ እንኳ ከቆሻሻ የወጣ ነው፤ ከተማው ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻውን እዚህ ሲደፋ ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቁጥሩ ለቀናት ሲጨምር ከረመ፤ ከክምሩ ሥር ማን እንዳለ የሚታወቀው ከቤተሰብና ከጎረቤት አፍ ነበር። «እዚህ ጋ የእገሌ ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ ልጆች ያጠኑ ነበር» እየተባለ ነው የተቆፈረው። ቤቱ፣ መተላለፊያው፣ የነዋሪው ስም በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በካርታ ላይ ካልሆነ፣ ያ ሰው አብሮ ሲቀበር መረጃውም አብሮ ይቀበራል። ካርታ ላይ የሌለ ሰፈር ሲሞትም በግምት ነው የሚቆጠረው።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጎናችን የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ከቆሻሻው መብራት ይመነጫል ተባለ። እንግዲህ ተመልከት፦ የኛ ሰፈር ቆሻሻ መብራት ይሁን ተባለ፣ መብራቱ መኪና ይንዳ ተባለ፣ መኪናው በኛ ሰፈር አስፋልት ያልፋል። ስክሪኑ ግን የት እንዳለ አያውቅም።

የካርታ ነገር ለኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው ለሊቁ ለሉዶልፍ ስለ አገራቸው ወንዝ፣ ተራራና አውራጃ ነገሩት። ሉዶልፍ መጽሐፉን ጻፈ፣ በ1683 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ካርታ አሳተመ። ዓለም የሉዶልፍ ካርታ ብሎ ያውቀዋል። ዕውቀቱ ከኛ፣ ስሙ የነሱ። አሁንም ያው ነው፤ ስልክህን ይዘህ በሄድክበት ሁሉ የት ቦታ መጨናነቅ እንዳለ የምትነግራቸው አንተ ነህ። ነጻ ሠራተኛ ነህ ማለት ነው፣ ያውም ዲግሪ ያለህ።

ዓድዋንም አስታውስ። ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ ያደለው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የሚባለው ኮረብታ ቦታው ስህተት ነበር። አልበርቶኔ ካርታው ያመለከተው ቦታ ደርሶ ቆመ። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ወደዚያ ገሰገሰ፣ ከሌሎቹ ጦሮች ተነጠለ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት መሐል ገባ፣ በመጨረሻም ተማረከ። ድሉን ያመጣው የአባቶቻችን ጀግንነት ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። ግን ያን ቀን አገሩን የሚያውቅ ሰውና በተሳሳተ ወረቀት የሚመራ ሰው ተፋጠጡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በባዕድ ካርታ መንገድ የሳተው ወራሪው ነበር። ዛሬ የምንስተው እኛ ነን፤ ያውም በራሳችን ሰፈር፣ በራሳችን ገንዘብ በገዛነው ስክሪን።

«ካርታ ምን ዋጋ አለው?» ለሚል፦ በ2015 እ.ኤ.አ. ቢኤምደብሊው፣ አውዲና ዳይምለር ተባብረው ሂር የተባለውን የካርታ ድርጅት ከኖኪያ በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ገዙ። ቀንደኛ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ግን የመኪናቸው ካርታ በሌላ እጅ እንዳይወድቅ አንድ ሆኑ። ደቡብ ኮሪያ ጎግል ዝርዝር የካርታ መረጃዋን ወደ ውጭ ላውጣ ሲላት በ2016 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ ልጆቿ ኔቨርንና ካካኦን አሳድገው የራሳቸውን ካርታ ይጠቀማሉ። ቻይናማ ሕግ አውጥታ ካርታዋ ላይ ያለው ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ ሆን ተብሎ ፈቀቅ እንዲል ታደርጋለች። ቻይናን እየወቀስኩ አይደለም። ለካርታዋ እንደ ድንበሯ ትቆማለች፤ እኛም እንደሷ ለራሳችን እንቁም ነው የምለው።

እንግዲህ ማልቀስ ይብቃና ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መንግሥት። «ኤሌክትሪክ ካልሆነ አይግባ» የሚል ትእዛዝ ማውጣት የቻለ መንግሥት ሁለት መስመር መጨመር አያቅተውም። ገዢው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የማይሠራ ስክሪን አይግባ። ባለቤቱ የመረጠውን ካርታ እንዳይጭን የተቆለፈ ስክሪን አይግባ። ዛሬ አንዳንዱ መኪና በፍላሽ አፕ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ይከለክላል፤ ዕድል ነው። መብት ግን በዕድል አይሆንም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለስንቱ ዕቃ ደረጃ ያወጣል፤ ለዚህም ያውጣ።

የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም እዚህ ላይ ይጠየቃል። አገሪቱ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሳተላይት አመጠቀች፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከሰማይ የታየው ግን ምድር ላይ ላለ ወጣት ይድረስ። የመንገድና የሰፈር መረጃ በደብዳቤና በማኅተም የሚለመን ነገር መሆን የለበትም፤ ማንም አፕ ሠሪ በነጻ የሚያወርደው ይሁን። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣንም አንድ መንገድ ሲዘጋና ሲከፍት ሪባን ብቻ አይቁረጥ፣ ካርታውንም ያውጣ።

ሁለተኛ፣ አስመጪዎች። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እንግዲህ ንገሩን! «ይሄ ካርታ እዚህ አይሠራም፣ ይሄ ስክሪን ከስልክህ ጋር አይገናኝም» ብላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ንገሩን። ገዢም ከሆንክ ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት እዚያው ቆመህ «ቆሼን አሳየኝ» በለው። ካላሳየህ ዋጋውን ቀንስ በለው። መቶ ሰው እንዲህ ካለ በሚቀጥለው ጭነት ላይ ለውጥ ታያለህ።

ሦስተኛ፣ እኛ። ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስኪሰሙ መጠበቅ የለብንም።

ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል ካርታ አለ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ማንም ጌታ የሌለው ካርታ ነው። እዚያ የጻፍከውን መንገድ ነገ ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ኦስማንድና ሌሎችም በነጻ ይወስዱታል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። ገበታ ማፕስን የመሳሰሉ የአገር ልጆች የካርታ አገልግሎት ለመገንባት እየለፉ ነው፤ የመንገድ መረጃው በበዛ ቁጥር ለነሱም አቅም ይሆናል።

«እኛ ምን እናመጣለን?» እንዳትል። ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ የሚባል መንደር አለ፣ ኑሮው ከቆሼ ብዙም አይርቅም። ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የሰፈሩ ወጣቶች ራሳቸው ጂፒኤስ ይዘው በእግራቸው እየዞሩ ቀዳዳ መንገዱን፣ ክሊኒኩን፣ የውሃ ቦኖውን አንድ በአንድ መዘገቡ። ዳሬ ሰላም ላይ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ሰፈሮች ካርታ ሠሩ። እነሱ የቻሉትን እኛ የማንችለው እጃችን አጥሮ ነው ወይስ ሐሞታችን?

ጂአይኤስ ተምረህ ቤት የተቀመጥክ ስንት ነህ? ሰርቬይንግ፣ ከተማ ፕላን፣ ሶፍትዌር ተምራ ሲቪዋን ይዛ የምትዞር ስንት ናት? ቅጥር እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጉ፦

አንድ፦ አንድሮይድ ስልክ ካለህ ስትሪትኮምፕሊት የሚባለውን አፕ ጫን። በቆምክበት ቦታ ቀላል ጥያቄ ይጠይቅሃል። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮብል? የዚህ ሱቅ ስም ማን ነው? ሠፈርህን እየዞርክ መልስ።

ሁለት፦ ስሙን በፊደልህ ጻፍ። ረጲ፣ ዘነበወርቅ፣ ካራ ቆሬ፣ ቤቴል። ነዋሪው እንደሚጠራው ይጻፍ፤ ፈረንጅ እንደሰማው አይደለም።

ሦስት፦ ከሁሉ በፊት ሕይወት የሚያድነውን መዝግብ። ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ፣ አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ፣ ቻርጅ ማድረጊያ። የሰው ቤት ግን ያለ ፈቃድ በስም አትመዝግብ።

አራት፦ ሾፌር ከሆንክ በየቀኑ የምታገኘውን የተዘጋና የተከፈተ መንገድ አስገባ። ካንተ በላይ ይሄን ከተማ የሚያውቅ የለም፤ ከሚኒባስ ረዳቱ በቀር!

ቆሼ ያላችሁ ልጆች፣ ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና ውስጥ ለውስጡን ለመዞር እኔ ዝግጁ ነኝ። ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ እንከፋፈለዋለን። ሌላ ሰፈር ያላችሁም የሰፈራችሁን ስም ጻፉና ጓደኞቻችሁን ጥሩ። ይሄን ጽሑፍም መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው ሁሉ ሼር አድርጉለት፤ «ቆሼን አሳየኝ» ማለትን ይልመድ።

መንገዱን የሠሩት አባቶቻችን ናቸው፤ ካርታውን እኛ እንሥራው።

#ካርታችን_በእጃችን